ለሲሲኤንኤ የትኛው መጽሐፍ ይነበብ?

የኔትወርክ ሙያ ልጀምር ያለ ሰው ከመሣሪያም ከማሠልጠኛም አስቀድሞ የሚጠይቀው መጽሐፍ ነው። መልስ የሚሰጠው አያጣም። አንዱ «ኦደምን ያዝ» ይለዋል፤ ሌላው «ላምሊ ይሻልሃል» ይላል፤ ሦስተኛው «በዚህ ዘመን መጽሐፍ ምን ያደርጋል፣ ዩቲዩብ አለልህ» ብሎ ይገላግለዋል። ማታውኑ ቴሌግራሙ በፒዲኤፍ ይሞላል። ወር ቆይቶ ቢጠየቅ ከአምስት መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሁለት ምዕራፎች አንብቧል። የኦኤስአይን ሰባት ደረጃዎች አምስት ጊዜ አጥንቷል፤ ኦኤስፒኤፍ የተባለው የራውቲንግ ፕሮቶኮል ላይ ግን አንዴም አልደረሰም።

ጥፋቱ የመጻሕፍቱ አይደለም። ለሲሲኤንኤ የተጻፉት ታዋቂ መጻሕፍት አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ችግሩ ሁሉም አንድ ሥራ የሚሠሩ ተደርገው መታየታቸው ነው። ተፈታኝ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ የሚያስረዳው፣ የሚያለማምደውና ሲጠፋበት ተመልሶ የሚያየው። ሦስቱንም እኩል የሚሠራ አንድ መጽሐፍ የለም። ብዙ ሰው ታዲያ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሦስት ይሰበስብና የሚያለማምደው ሳይኖረው ፈተና ይገባል። ይህ ዳሰሳ መጻሕፍቱን የሚመዝናቸው በሚሠሩት ሥራ ነው።

መጀመሪያ የፈተናው ዝርዝር

ሲሲኤንኤ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ የሲስኮ ፈተና ሲሆን የተጀመረው በ1998 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሁን የሚታወቅበት ቁጥር 200-301 ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ከኦገስት 20 ቀን 2024 ጀምሮ ስሪት 1.1 ተብሏል። የሚፈጀው 120 ደቂቃ፣ ዋጋው ከግብር በፊት 300 ዶላር ነው። ያለፈ ሰው ሰርተፊኬቱ ለሦስት ዓመት ያገለግለዋል። አንዴ የታለፈ ጥያቄ ተመልሶ አይታይም፤ ማለፊያውን ነጥብም ሲስኮ ይፋ አያደርግም።

ሲስኮ የፈተናውን ይዘት በጥቂት ገጾች ዘርዝሮ በነጻ ያወጣል። ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት መነበብ ያለበት ይህ ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፦ የኔትወርክ መሠረቶች 20 በመቶ፣ የኔትወርክ መዳረሻ (ስዊቾች፣ ቪላኖች፣ ዋይፋይ) 20 በመቶ፣ የአይፒ ግንኙነት ማለትም ራውቲንግ 25 በመቶ፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10 በመቶ፣ የደኅንነት መሠረቶች 15 በመቶ፣ አውቶሜሽንና ፕሮግራሚንግ 10 በመቶ።

ከመቶኛው በላይ የሚጠቅመው ግን እያንዳንዱ መስመር የተጻፈበት ግስ ነው። ኦኤስፒኤፍ ላይ «ኮንፊገር አድርግና አረጋግጥ» ይላል፤ እጅህን ኪቦርድ ላይ አሳርፍ ማለቱ ነው። ኤስኤንኤምፒ ላይ «አስረዳ» ብሎ ያልፋል። የመውጫ ራውተር ሲወድቅ ሌላው የሚተካበትን ፕሮቶኮል በተመለከተም ዓላማውንና አሠራሩን «ግለጽ» ነው የሚለው። ይህን ዝርዝር ከጎኑ አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ መጽሐፉ በሠላሳ ገጽ የሚተነትነው ነገር በፈተናው አንዲት ጥያቄ ብቻ የሚወጣበት መሆኑን ያያል። ዝርዝሩን ያልያዘ ሰው ደግሞ ደራሲው በወደደው ርዕስ ላይ ሳምንት ይፈጃል።

ሦስቱ ዋና ዋናዎች

የመጀመሪያው የዌንደል ኦደም ሥራ ነው። የሲስኮ ፕሬስ ይፋዊ የፈተና መመሪያ ሲሆን በሁለት ቅጽ የተዘጋጀ ነው፤ ሁለተኛ እትሙ በ2024 ከስሪት 1.1 ጋር ተስማምቶ ወጥቷል። ኦደም ከሃያ ዓመት በላይ ይህንኑ ፈተና ተከትሎ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚከፈተው በአጭር መጠይቅ ነው፤ መጠይቁን ያለፈ ምዕራፉን በፍጥነት ያልፈዋል፣ የወደቀ ይቀመጥና ያነበዋል። ከመጽሐፉ ጋር የመለማመጃ ፈተና ሶፍትዌርም ይመጣል። ከሦስቱ ሁሉ ምንም ነገር ሳያስቀር የሚሸፍነው እርሱ ነው።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሁለቱ ቅጾች ተደምረው ከ1,000 ገጽ በእጅጉ ያልፋሉ፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ደራሲው ነገሩን አንድ ጊዜ ከአንድ ወገን፣ ሌላ ጊዜ ከሌላ ወገን ያስረዳል። ለጀማሪ ይህ ያደክማል። ሌላም የሚታይ አደጋ አለ። አንደኛውን ቅጽ በላቡ የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን እንደ ተጨማሪ ንባብ ይቆጥረዋል። ደኅንነቱ፣ የአይፒ አገልግሎቱና አውቶሜሽኑ ግን አብዛኛው ያለው እዚያ ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ከመቶ 35 ነው። አንደኛውን ቅጽ በቃሉ የያዘ ሰው ወድቆ ሲወጣ የሚገርመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በሳይቤክስ አሳታሚነት የሚወጣው የቶድ ላምሊ መጽሐፍ ነው። ላምሊ እንደ አስተማሪ ያወራል፤ ይቀልዳል፣ «አይዞህ» ይላል፣ ቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል። ኔትወርክን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው፣ በተለይም ረዥም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለሚከብደው፣ የመጀመሪያ አስረጂ ሆኖ ይመረጣል። በምላሹ የሚቀርበት ጥልቀት ነው፤ «ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈውን ነገር ኦደም «ይህ ካልሆነ በቀር» ብሎ በሦስት አንቀጽ ያስረዳል። ፈተናው ደግሞ «ካልሆነ በቀር» የሚለውን ይወዳል።

ሦስተኛው ገና አዲስ ነው። በዩቲዩብ ላይ በነጻ ባስቀመጠው የሲሲኤንኤ ትምህርት የታወቀው ጄረሚ ማክዳወል በ2024 በማኒንግ አሳታሚነት ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አውጥቷል። ቋንቋው ንጹሕ፣ ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው። ከቪዲዮዎቹ ጋር ፓኬት ትሬሰር በተባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ላቦችና በአንኪ የሚሠሩ የማስታወሻ ካርዶች በነጻ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ማስረዳቱና ማለማመዱ አብረው የሚሄዱት እርሱ ጋ ነው። ቪዲዮውን ሙሉ በሙሉ የተከታተለ ሰው ግን መጽሐፉ ያንኑ ማብራሪያ በጽሑፍ ሊደግምለት ይችላል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ሁለተኛ መጽሐፍ የሚሆነው የኦደም ነው፤ ያንኑ ነገር በሌላ አእምሮ ይነግረዋልና።

በአንድ አድራሻ መፈተን

መጽሐፍ ከመግዛት በፊት የሳብኔቲንግ ምዕራፉን ከፍቶ ማየት ብዙ ይናገራል። አንድ ጥያቄ እንውሰድ፦ 10.20.30.77/27 የሚል አድራሻ ያለው ኮምፒውተር በየትኛው ሳብኔት ውስጥ ነው? /27 ማለት የመጨረሻው ቁጥር 224 የሆነ ማስክ ነው። ከ256 ላይ 224 ሲቀነስ 32 ይቀራል። ሳብኔቶቹ በ32 በ32 ይሄዳሉ፦ 0፣ 32፣ 64፣ 96። 77 ከ64 እስከ 95 ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ የሳብኔቱ አድራሻ 10.20.30.64፣ ብሮድካስቱ 10.20.30.95 ነው፤ ለኮምፒውተሮች የሚሰጡት ከ65 እስከ 94 ያሉት 30 አድራሻዎች ናቸው።

ላምሊ ያንን 32 የብሎክ መጠን ብሎ ይጠራውና ቶሎ ወደ ልምምድ ይገባል። ኦደምም ያንኑ ቁጥር ይዞ ይሠራል፤ ከዚያ በፊት ግን ማስክ ምን እንደሆነ፣ ክላስ ምን እንደነበር በየምዕራፉ ያቀርባል። ማክዳወል ከባይነሪ ይነሳል፦ 77 ሲጻፍ 01001101 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቢቶች 010 ተጠብቀው የቀሩት ዜሮ ሲሆኑ 64 ይወጣል። መልሱ አንድ ነው። ተማሪው መጠየቅ ያለበት «የትኛው መንገድ ያለ ወረቀት እንዳስብ ያደርገኛል? ከዚያ በኋላስ ስንት ጥያቄ አቅርቦ ያሠራኛል?» ብሎ ነው። ባይነሪውን ዘሎ አቋራጩን ብቻ የያዘ ሰው /27ን ይሠራል፤ ማስኩ ወደ ሦስተኛው ቁጥር ሲሻገር፣ ለምሳሌ /21 ሲመጣ፣ ይደናገራል። ባይነሪውን ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ መልሱን ያገኘዋል፣ ሰዓቱ ግን ይሄድበታል።

ሁለተኛው መፈተኛ ኦኤስፒኤፍ ነው። ሁለት ራውተሮች በአንድ ገመድ ተገናኝተዋል፤ አንዱ ሌላውን ፒንግ ያደርጋል። ነገር ግን «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔይበር» ሲባል ባዶ ነው። ደካማ መጽሐፍ ኦኤስፒኤፍን የሚያስጀምሩትን ኮማንዶች ሰጥቶ ምዕራፉን ይዘጋል። ጥሩ መጽሐፍ ምን ምን መመሳሰል እንዳለበት አንድ በአንድ ያሳያል፦ የኤሪያ ቁጥሩ፣ ማስኩ፣ የሄሎና የዴድ ሰዓቱ። በኤተርኔት ላይ ሄሎው በ10 ሰከንድ አንዴ ይላካል፣ ዴዱ 40 ሰከንድ ነው፤ በአንዱ ወገን ብቻ ቢቀየር ጉርብትናው አይፈጠርም። የሁለቱ ራውተር አይዲ አንድ ከሆነም አይፈጠርም። ኤምቲዩው ሲለያይ ግን ምልክቱ ሌላ ነው፤ ጎረቤቱ ይታያል፣ ኤክስስታርት ላይ ግን ተገትሮ ይቀራል። ይህን ልዩነት የሚያሳይ መጽሐፍ ለፈተናውም ለሥራውም ያገለግላል፤ ሥራ ላይ ራውተር የሚጠራን ሁሉም ነገር ደህና በሚሆንበት ቀን አይደለምና።

ከዘመድ የተወረሰ መጽሐፍ

መጽሐፍ በዶላር የሚገዛ ነገር በመሆኑ ብዙ ሰው የሚያነበው ከወንድም፣ ከጓደኛ ወይም ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገኘ የቆየ እትም ነው። ያረጀ ሁሉ አይጣልም። የኤተርኔት ስዊች አሠራር፣ ቪላን፣ የስፓኒንግ ትሪ መሠረት፣ ሳብኔቲንግና ኦኤስፒኤፍ ከአሥር ዓመት በፊት እንደነበሩት ናቸው። እነዚህን ከ200-301 በፊት ከነበረው ፈተና፣ ከ200-125 ዘመን መጽሐፍ ማንበብ ምንም አይጎዳም።

የሚጎዳው የተወገደውን ማጥናትና የተጨመረውን አለማወቅ ነው። ፍሬም ሪሌይ በ2016 ወጥቷል። የራውቲንግ ፕሮቶኮሎቹ ሪፕና ኢአይጂአርፒ 200-301 ሲመጣ ከዝርዝሩ ጠፍተዋል። በቦታቸው ዋይፋይ ሰፋ ብሎ ገብቷል፤ የጄሰን አጻጻፍ፣ ሬስት ኤፒአይና ኔትወርክን ከአንድ ማዕከል የሚመራ ኮንትሮለር ተጨምረዋል። በስሪት 1.1 ደግሞ የአውቶሜሽን መሣሪያዎቹ ፐፔትና ሼፍ ወጥተው ከአንሲብል ጎን ቴራፎርም ገብቷል፤ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስና የማሽን ለርኒንግ መነሻ ሐሳቦችም ተካተዋል። የቆየ መጽሐፍ ያለው ሰው እንግዲህ ዝርዝሩን ያትምና መጽሐፉ የሸፈናቸውን መስመሮች ይሰርዝ፤ የቀሩትን ከሲስኮ ነጻ ጽሑፎችና ከቪዲዮ ይሙላ። ከ200-301 በፊት ለነበረው ፈተና የተጻፈ ሲሆን ክፍተቱ ብዙ ነው፤ ለ200-301 የተዘጋጀው የ2019ኙ የኦደም እትም ከሆነ ግን ጥቂት ነው።

የሚያለማምድ ነገር

ከማስረዳቱ ይልቅ የሚጎድለው ይህ ነው። ፓኬት ትሬሰር በነጻ ከሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ይወርዳል፤ አካዳሚው በ1997 የተመሠረተ ሲሆን በኢትዮጵያም ይሠራል። በተራ ላፕቶፕ ላይ ራውተርና ስዊች ደርድሮ ከላይ ያለውን የኦኤስፒኤፍ ችግር ሆን ብሎ መፍጠርና መፍታት ይቻላል። አንድ ምዕራፍ አንብቦ ሳይነኩት ወደሚቀጥለው መሄድ ከሁሉ የከፋው አነባበብ ነው።

ለክለሳ የአለን ጆንሰን «31 ቀን» በሚል ስያሜ የሚታወቀው የሲስኮ ፕሬስ መጽሐፍ አለ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አጭር ክፍል መድቦ ወደ ፈተናው ያደርሳል። ገና ያልተማረ ሰው ከዚህ ቢጀምር ምንም አይገባውም፤ የተማረ ሰው ግን የረሳውን ያገኝበታል። ከመለማመጃ ፈተናዎች የቦሶን ጥያቄዎች የሚመሰገኑት መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሌሎቹም ለምን ስሕተት እንደሆኑ ስለሚያብራሩ ነው።

ደምፕ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ከፈተና የተሰረቁ ጥያቄዎች ተሰብስበው በቴሌግራም ይሸጣሉ፣ በነጻም ይታደላሉ። ሕግ መጣሱ እንዳለ ሆኖ፣ ሲስኮ ያገኘበትን ሰው ሰርተፊኬት ሊሰርዝ ይችላል፤ መልሶቹም በስሕተት የተሞሉ ናቸው። ዋናው ዕዳ የሚከፈለው ግን በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። «ጉርብትናው ለምን አልተፈጠረም?» ተብሎ ነጭ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አይቀርብለትም።

ፈተናው ራሱ ትክክለኛው ነው?

መጽሐፍ ከመምረጥ በፊት የሚመረጥ ነገር አለ፤ እርሱም ሰርተፊኬቱ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተዋውሏል፤ የአገሪቱ የቴሌኮም መረብ በአብዛኛው በቻይና መሣሪያዎች ላይ የቆመ ነው። ወደዚያ ለሚያመራ ሰው የሁዋዌ ኤችሲአይኤ ዳታኮም ቀጥተኛ መንገድ ነው። ፕሮቶኮሎቹ ያው ናቸው፤ ኮማንዱ ነው የሚለየው። ሲስኮ «ሾው» የሚለውን ሁዋዌ «ዲስፕሌይ» ይላል፤ ሲስኮ ትእዛዝን በ«ኖ» ሲሽር ሁዋዌ በ«አንዱ» (undo) ይሽራል። ስፕሪንገር በ2016 ያሳተመው የሁዋዌ መማሪያ አሁንም ለመሠረቱ ይረዳል፤ ርዕሱ ላይ ያለው ግን ኤችሲኤንኤ የሚለው የቀድሞው ስም ስለሆነ ለአሁኑ ፈተና ብቻውን አይበቃም። በባንኮችና በድርጅቶች ቢሮ ለመሥራት ለሚያስብ ሲሲኤንኤ ይሻለዋል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው አንባቢ ስሌቱ ሌላ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የአሽበርን አካባቢ በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት ያለበት ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በአቅራቢያው ይኖራሉ። እዚያ ሥራ የሚፈልግ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከኮምፕቲያ ኔትወርክ ፕላስ እንዲነሳ ነው። ኤን10-009 የተባለው የአሁኑ ፈተና በጁን 2024 የወጣ ሲሆን በ90 ደቂቃ ቢበዛ 90 ጥያቄ አለው፤ ማለፊያው ከ900 720 ነው። የማይክ ማየርስ ስም ያለበት የማክግሮው ሂል መጽሐፍ ለንባብ ደስ ይላል፤ የፕሮፌሰር ሜሰር ነጻ ቪዲዮዎች ደግሞ ከዝርዝሩ ጋር መስመር በመስመር ይሄዳሉ። ኔትወርክ ፕላስ የአንድ ኩባንያ መሣሪያ ላይ ስለማያተኩር ስፋት ይሰጣል፣ እጅ ግን አያፍታታም። ሲሲኤንኤን በሚገባ ያጠና ሰው የኔትወርክ ፕላስን አብዛኛውን ይዞ ይወጣል፤ በተቃራኒው ግን አይሆንም።

የቋንቋውም ነገር መታሰብ አለበት። ሲሲኤንኤ የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ ነው። በአማርኛ የሚያስረዱ ቪዲዮዎች ነገሩን ለመረዳት ያግዛሉ፤ ልምምዱ ግን በእንግሊዝኛ ካልሆነ ተፈታኙ መልሱን እያወቀ ጥያቄውን ሲያነብ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ከፈተናው ባሻገር

የፈተና መጽሐፍ «እንዴት» የሚለውን ያስተምራል፤ «ለምን» የሚለውን የሚመልሱት ሌሎች ናቸው። የኩሮዝና የሮስ መጽሐፍ ከምንጠቀምበት አፕሊኬሽን ጀምሮ ወደ ገመዱ ይወርዳል፤ በ1981 የተጀመረው የታነንባም መጽሐፍ በተቃራኒው ከገመዱ ወደ ላይ ይወጣል። የሪቻርድ ስቲቨንስ የቲሲፒ አይፒ መጽሐፍ ፓኬቱን ከፍቶ ያሳያል። የስፓኒንግ ትሪን ስልት በ1985 የፈጠረችው ራዲያ ፐርልማን የጻፈችው ደግሞ ፕሮቶኮል ሲነደፍ የሚደረገውን ክርክር ያስነብባል። እነዚህ ከፈተናው በፊት የሚነበቡ አይደሉም። ሰርተፊኬቱን የያዘ ሰው በሥራ ላይ ሁለተኛውን ዓመት ሲጀምር ግን ከሌላ የፈተና መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅሙታል።

ምን ይገዛ?

ለጀማሪ፦ የማክዳወል ነጻ ቪዲዮና ላብ ለማስረዳትም ለማለማመድም ይበቃል፤ የሚገዛ ካለ የኦደም ሁለት ቅጾች ማመሳከሪያ ይሁኑት። እያንዳንዱን ርዕስ ከተማረ በኋላ የዚያን ምዕራፍ መጠይቅ ሠርቶ የሳተውን ብቻ ያንብብ። ቪዲዮ ለማይመቸው ወይም ዳታ ለሚወደድበት ሰው የላምሊ መጽሐፍ ያስረዳዋል፤ በዚያ ላይ ግን የኦደም ሁለተኛ ቅጽ ቢጨመርበት ይመረጣል። በሥራ ላይ ላለና ራውተር ለነካ ሰው የኦደም መጽሐፍና አንድ ጥሩ የመለማመጃ ፈተና ብቻ ይበቃሉ። ለሁሉም ፓኬት ትሬሰር ግዴታ ነው።

የቀረው ገንዘብ ለፈተናው ይቀመጥ። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 300 ዶላር ለአዲስ አበባ ተፈታኝ ትልቅ ወጪ ነው፤ ወድቆ ለሚደግም ሰው ደግሞ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይደገማል። ስለዚህ አራተኛ መጽሐፍ የሚገዛበት ብር ቢኖር የሚሻለው የመለማመጃ ፈተና ገዝቶ፣ የወደቀበትን ክፍል ለይቶ፣ ቀኑን ከዚያ በኋላ መያዝ ነው።